ሃምሳው ሎሚ የማን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ይህን ተረት የምንጠቅሰው ብዙውን ጊዜ መዋጮ ልንጠይቅ ወይም ሰው ለሥራ ልንጠራ ስንል ነው። ሥራ ሲከፋፈል ይቀላል ለማለት ነው ብለን እናልፈዋለን። ተረቱ ግን ከዚያ አልፎ ሄዷል፤ ሸክሙ ጌጥ ይሆናል ነው ያለው። በጥምቀት ሎሚ ይዞ የወጣ ጎረምሳን አስቡት። ሎሚው የራሱ ነው፤ ያሸተዋል፣ ለወደዳት ይወረውረዋል። ሃምሳው ሰው የተሸከመው የሌላ ሰው ሎሚ ቢሆንስ?

ተራሮቻችን ይህን መልሰውታል። በደርግ ዘመን በወሎ፣ በትግራይና በሸዋ ሕዝቡ እህል እየተሰፈረለት እርከን ሠራ፣ ዛፍ ተከለ፣ ተዳፋቱን ከከብት ከለለ። የሰው እጥረት አልነበረም። ይሁን እንጂ ደኑ የመንግሥት ነው ይባል ስለነበር ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ግንዱን ማን እንደሚቆርጥ የተከለው ሰው አያውቅም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ደኑ ተመነጠረ፣ የተከለለው ተዳፋትም ታረሰ። ገበሬው ዛፍ ጠልቶ አይመስለኝም። ሎሚው የእሱ አልነበረም።

በወላይታ፣ ሁምቦ ላይ የሆነው ሌላ ነው። የተራቆተው ተራራ 2,728 ሄክታር ያህሉ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ገባ። አብዛኛው ቦታ ችግኝ እንኳ አላስፈለገውም። ከመሬት በታች በሕይወት የቆየው ጉቶ ራሱ ሲያቆጠቁጥ፣ ደህና ደህናውን ቀንበጥ እየመረጡ ማስቀረት፣ ሌላውን መግረዝና ከብት እንዳይገባ መጠበቅ በቂ ነበር። አባላቱ ሣሩን እያጨዱ ለከብቶቻቸው ወሰዱ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የካርቦን ገበያ ተመዘገበ፤ ደኑ ከአየር የሚስበው ካርቦን ሲሸጥም ገቢው ለማኅበራቱ ደረሰ። በትግራይም የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች ተዳፋቱን ከልለውና እርከን ሠርተው ጎርፉን ሲያስቀሩ የጉድጓዳቸው ውሃ ወደ ላይ ቀረበ፤ በደረቀው መሬት ላይ አትክልትና ፍራፍሬ አለሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል።

ገበሬ ይህን ከጥንት ያውቃል። ወንፈል ሲገባ ዛሬ በጎረቤቱ ማሳ ያፈሰሰው ላብ ነገ በራሱ ማሳ እንደሚመለስለት ቆጥሮ ነው። በየክረምቱ ችግኝ ለመትከል የምንወጣ ሰዎች ይህን ስሌት ብንዋሰው ደስ ይለኛል። በሐምሌ ለመትከል ሕዝብ ይጎርፋል፤ በጥርና በየካቲት፣ ችግኙ ውሃ ሲጠማ፣ የሚመጣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ነገ ሣሩ፣ ፍሬው ወይም ጥላው የእኔ ነው የሚል ሰው ከሌለ ማን ውሃ ያጠጣዋል?

ተረቱን ወደ ዓለም ስንወስደው ደግሞ መጠንቀቅ አለብን። ምድርን በሚያሞቀው ጋዝ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከ2020 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ የከዳው የቦረና አርብቶ አደር ከብቱ ያለቀበት በራሱ ጥፋት አልነበረም። አርባውን ሎሚ የጫነ ሰው «አንድ አንድ እንያዝ» ቢል ልንቀበለው አይገባም። እኛ የምንሠራው ጉድጓዳችን ውሃ እንዲይዝ፣ ቤታችን ከጭስ እንዲላቀቅ ነው።

ስለ ጭስ ካነሳሁ፣ ተረቱ እስከ ዛሬ ያልገባበት ቤት ማድቤቱ ነው። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚያልቀው እንጀራ ሲጋገር ነው። ከመሶቡ የሚበላው ሁሉም ሰው ሆኖ ሳለ እንጨቱን የምትለቅመው አንዲት ሴት ናት፤ ጭሱም የሚገባው በእሷ ዓይንና ደረት ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ጎንበስ ብላ የምትወርደው እናት ጀርባ ላይ ያለው ሃምሳውም ሎሚ ነው።

ይህን ሸክም ማካፈል ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልለው፣ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ እስከ ግማሽ ያህሉን ያድናል። የዳነው እንጨት ደግሞ በተራራው ላይ የቀረ ዛፍ ነው። ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ በመሆኑ ጭስ የለውም። ሆኖም ምጣዱ እስኪግል የሚበላው ኃይል ለማንም ሆድ አይደርስም። ሦስት ጎረቤቶች ቀን ቆርጠው በአንዱ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ፣ ሦስት ጊዜ ይግል የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ ይግላል። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች የተሠሩት የጋራ ማብሰያ ቤቶች ለዚህ ይመቹ ነበር። ባሎችና ወንድ ልጆችም ተራ ይግቡ፤ ሊጥ ማቡካት ወንድን አያሳንስም።

ለምድጃ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለሌለው ቤት ደግሞ እድር አለ። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት በወርኃዊ መዋጮ ሲገዛ የኖረ እድር ከዚያው ሣጥን ለምድጃ ቢያበድር፣ አባሉም ከወር መዋጮው ጋር ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ቢከፍል፣ በጥቂት ዓመታት ሰፈሩ ሁሉ ይዳረሳል። የተበዳሪዎቹ ዝርዝር ሲወጣ ግን ማገዶ ከሩቅ የምታመጣዋ እናት በመጀመሪያው መስመር ትጻፍ።