እጅ ከመስጠት በፊት

መተማ ዮሐንስ ላይ ተቀምጦ ስለ ቼዝ የሚያስብ ሰው ሐሳቡ ከ1881 ዓ.ም. አያልፍም። ከተማዋ በስማቸው የምትጠራው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር እዚሁ ቆስለው ሞቱ። ጦራቸው የደርቡሾችን ምሽግ ጥሶ ገብቶ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት መመታታቸው ሲሰማ ግን በእጁ የገባውን ድል ጥሎ ተመለሰ። ጠመንጃውና ጉልበቱ እያለ ያ ሠራዊት ምን አጥቶ ተመለሰ? ይህን ሳሰላስል የጋሪ ካስፓሮቭ ሽንፈት ከፊቴ ይደቀናል።

የዓለም የቼዝ ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ በየካቲት 1988 ዓ.ም. ፊላደልፊያ ላይ የአይቢኤምን ኮምፒውተር ዲፕ ብሉን 4 ለ 2 ረታ። በግንቦት 1989 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ያው ኮምፒውተር ተሻሽሎ መጥቶ 3.5 ለ 2.5 ረታው። ማሽኑ ያሸነፈው ምኑን ነው? አንደኛው መልስ ቀላል ነው፦ በሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን የሚደርሱ አቋሞችን ይመረምር ነበርና በስሌት በለጠው። የኒውዮርኩን ግጥሚያ ሁለተኛ ጨዋታ ሳየው ግን ይህ መልስ አላጠግብ ይለኛል።

በዚያ ጨዋታ ካስፓሮቭ በጥቁር ተጫውቶ፣ ተጨንቆ ተጨንቆ እጅ ሰጠ። በማግስቱ ግን ጨዋታውን ከሩቅ የተከታተሉ ሰዎች የነጩን ንጉሥ በተደጋጋሚ ቼክ እያሉ አቻ ሊወጡበት የሚቻል መንገድ እንደነበረ አሳዩ። ወሬው ሲደርሰው ደነገጠ። ያን መንገድ እሱ ማየት የማይችል ሆኖ ነው? አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ይህን ክፍት ይተዋል ብሎ ስላላመነ ነው ያልፈለገው።

እምነቱስ ከየት መጣ? በመጀመሪያው ጨዋታ ዲፕ ብሉ በ44ኛው እርምጃ ትርጉም የሌለው ነገር ሠርቶ ነበር። ካስፓሮቭ ያን ጨዋታ ቢያሸንፍም እሱና ረዳቶቹ ሌሊቱን ሲመረምሩት ቆይተው፣ ማሽኑ እኛ የማናየውን ሩቅ አይቶ መሆን አለበት አሉ። ከዓመታት በኋላ ከሠሪዎቹ አንዱ ሙሬይ ካምቤል እርምጃው የፕሮግራም ስሕተት ውጤት እንደነበር ተናገረ። ስሕተቱ እንደ ጥበብ ተቆጠረለት፤ ሰውየውም በማግስቱ የተጫወተው ከዚያ ጥበብ ጋር ነበር።

እዚህ ላይ መተማን ከኒውዮርክ ጋር ማመሳሰል ልክ ነው ወይ ብዬ እጠራጠራለሁ። የ1881ዱ ወታደር በእርግጥ ንጉሡን አጥቷል፤ ከንጉሡም ጋር ያሰባሰበውን ቃል ኪዳን፣ የነገውን ደጅ አጥቷል። የካስፓሮቭ ንጉሥ ግን ሰሌዳው ላይ እንደቆመ ነበር። የወደቀው በገዛ ዓይኑ ላይ ያለው እምነት ብቻ ነው። ስለዚህ የመተማው ወታደር ባይወቀስም፣ የኒውዮርኩ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል።

የአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ለዚህ አንድ መላ ነበረው። በቀይ ጨርቅ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ተሰፍቶ ሲዘረጋ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ይንቀሳቀሳሉ። ዙሪያውን የከበበውም ዝም አይልም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህ ልማድ በዝርዝር ይገኛል። የውድድር ሕግ ምክርን መከልከሉ ተገቢ ነው፤ ያለዚያ ማን ማንን እንደረታ አይለይም። ነገር ግን ያን ቀን ካስፓሮቭ አጠገብ አንድ አፈ ፈጣን ተመልካች ቢኖር «ቆይ፣ ንጉሡን አሳድደው እንጂ!» ባለው ነበር።

ዛሬ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት መተማ የሚወርዱ ወጣቶች የቀን ሥራ እስኪያገኙ ድረስ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ስልካቸው ላይ አጎንብሰው ቼዝ ይጫወታሉ። አንዱን ከጀርባው ቆሜ አየሁት፤ ሁለት ወታደርና አንድ ፈረስ ቀርተውት ሳለ «በቃ፣ እሱ አይሳሳትም» ብሎ ጨዋታውን ዘጋው። የዛሬው ስልክ ዲፕ ብሉን ሊያሸንፍ የሚችል ፕሮግራም ይሸከማልና ልጁ ተሸናፊ ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ። ያላመንኩት ሳይመረምር ማወቁን ነው።

በስልክ የምትጫወቱ ልጆች፣ እጅ ከመስጠታችሁ በፊት ሰሌዳውን አጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው አሳዩት።