ስትጠፋ የሚጠይቅህ ሰው



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከትናንሽ ከተሞች ወጣቶች አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እዚህ ምን አለ?» እኛም አርቦዬ ላይ ሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጠን ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን። አርቦዬ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ብትሆንም ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትዳረስ ናት። አዲስ አበባ ወይም አዳማ ቆይቶ የመጣ ልጅ ቀኑ አልመሽ እያለው ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ለትምህርትና ለሪዝቅ ብሎ የሚሄደውን አንነቅፍም። ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል። እዚህ ምን አለ?

አንደኛ፣ ሰላምታ አለ። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲል 10 ምንዳ፣ «ወራህመቱላህ»ን የጨመረው 20፣ «ወበረካቱህ»ን ያሟላው 30 እንዳገኘ ነግረውናል። አሁን ሒሳቡን ስሩት። ከቤትህ እስከ መስጂድ ድረስ አሥር ሰው ብታገኝና ለሁሉም ሙሉውን ሰላምታ ብታቀርብ 300 ነው፤ ገና ሶላቱን ሳትሰግድ! ትልቅ ከተማ ውስጥ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከመቶ ሰው ጋር ቆመህ አንዱንም ሰላም ሳትል ትሄዳለህ። እዚህ ግን ሰላም ሳትል ብታልፍ «ምን ሆነ?» ተብሎ ማታ ቤትህ ድረስ ይመጣልሃል።

ሁለተኛ፣ ጀናዛ የሁሉም ነው። ሰው ሲሞት ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይቆማል፤ ሟችን በስሙ የማያውቅ እንኳ የልጁን ወይም የወንድሙን ስም ያውቃል። በጀናዛ ሶላት ላይ የተገኘ አንድ ቂራጥ፣ እስኪቀበር የቆየ ሁለት ቂራጥ ምንዳ እንዳለው፣ አንዱ ቂራጥም ታላቅ ተራራን እንደሚያክል ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ጭላሎን እያየ ያደገ የአርሲ ልጅ ተራራ ምን እንደሚያክል ማንም አይነግረውም!

ሦስተኛ፣ እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ነገር አለ፤ ስትጠፋ የሚጠይቅህ ሰው። ለሁለት ቀን ሱብሒ ላይ ካልታየህ ከሰፉ አንዱ «ታሞ ይሆን?» ይላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው።

መዲና ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ ሲሰደዱባት ግን በተምር እርሻዎች መካከል የተበታተኑ ሰፈሮች ነበረች። መስጂዳቸውም ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ቅርንጫፍ ነበር። ያንን መስጂድ የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከዓይናቸው ጠፋችና ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። መሞቷ ተነገራቸው። ሰሃቦች ጉዳይዋን አቅልለው ስላዩት አላሳወቋቸውም ነበር። እሳቸው ግን ለምን እንዳልነገሯቸው ጠይቀው፣ መቃብሯን አሳዩኝ ብለው፣ ሄደው ሰገዱባት።

ሱብሓነላህ! ወሕይ የሚወርድባቸው፣ የኡማው ጉዳይ ሁሉ በትከሻቸው ላይ ያለ ነብይ የአንዲት ጠራጊ መጥፋት አላመለጣቸውም። ትንሽ ከተማ ይህን ሱና ለመሥራት የተመቸች ናት። ሰው አይበዛብህም፤ ፊቱን ሁሉ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ኒዕማ ብቻ ሳትሆን ሐቅም ናት። «አላየሁትም» ለማለት ምክንያት የለህም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ብዙ ወጣቶች ከትንሽ ከተማ የሚሸሹት መብራትና ኔትወርክ ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። ከሰው ዓይንም ነው የሚሸሹት። ስትታመም የሚያስታውስህ ያው ጎረቤት ከማን ጋር እንደቆምክም ይቆጥራል። ፈተና የወደቀ ልጅ፣ ከዓረብ ሀገር ባዶ እጇን የተመለሰች እህት፣ ትዳሯ የፈረሰባት እናት በአንድ ቀን የከተማው ወሬ ይሆናሉ። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ላይ ሦስት ነገሮችን አከታትሎ ከልክሏል፦ ጥርጣሬን፣ የሰውን ነውር መሰለልን፣ ሐሜትን። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ እንጠረጥራለን፤ ከዚያ ለማረጋገጥ እንከታተላለን፤ በመጨረሻም ቡና ላይ እናወራዋለን። ሐሜትንም አላህ የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር አመሳስሎታል።

መዲና ራሷ ከዚህ አልዳነችም። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተነዛው የሐሰት ወሬ አንድ ወር ያህል ከተማዋን ሲያውክ ቆይቷል፤ በመጨረሻም አላህ ንጽሕናዋን በሱረቱ ኑር አወረደ። በዚያ ወቅት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) ስለ እሷ ጠየቋት። ዘይነብ ጣውንቷ ነበረች፤ በነብዩ ዘንድ ባላት ቦታም የምትፎካከራት። መናገር ብትፈልግ ጊዜው ያ ነበር። እሷ ግን ጆሮዋንና ዓይኗን ያላየችውን ከመናገር እንደምትጠብቅ ገልጻ ስለ ዓኢሻ ከመልካም በቀር እንደማታውቅ መሰከረች። ትንሽ ከተማን የሚያኖራት እንዲህ ያለ ሰው ነው። ዓይኑ ለመጠየቅ የተከፈተ፣ ምላሱ ለነውር የተዘጋ።

ወንድሜ፣ እህቴ! ልዩነቱ ያለው በኒያ ላይ ነው። «የት ጠፋህ?» የሚለው ቃል አንድ ነው፤ አንዱ ሊረዳህ ይለዋል፣ ሌላው ሊያወራብህ። ሰው ጠፍቶ ስታይ ለሦስተኛ ሰው ከማውራትህ በፊት የራሱን በር አንኳኳ። የከተማችን ጣዕምም ሆነ ምሬት እዚህ ላይ ነው የሚለየው።

ከአርቦዬ ወጥታችሁ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ወይም ጅዳና ሪያድ ያላችሁም ይህን ይዛችሁ ሂዱ። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ሐቅ ደጋግሞ ከመምከሩ የተነሳ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። ጎረቤት ለመሆን ደግሞ የከተማው መጠን አይጠየቅም። አንድ ደረጃ የምትጋሯቸውን ሰዎች ስም እወቁ፤ የእናንተ አርቦዬ እዚያ ትጀምራለች።

የዛሬው ጁሙዓ የቤት ሥራችን ቀላል ነው። ከሶላት በኋላ ለመውጣት አንቸኩል። ሰፉን ዞር ብለን እንይ። ባለፈው ሳምንት የነበረ፣ ዛሬ የሌለ ማን አለ? አንድ ሰው እንምረጥና እንደውልለት፤ የተሻለው ደግሞ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ነው። እህቶችም ከቂርአት ወይም ከሰፈር የጠፋችውን አንዲት እህት አስታውሱ። የሰማነው ነውር ካለ ደግሞ እኛ ጋ ይቅር።

ያ አላህ! ከተማችንን ሰላም አድርግልን። ዓይናችንን ለእዝነት ክፈትልን፤ ምላሳችንን ከወንድሞቻችንና ከእህቶቻችን ክብር ጠብቅልን። ከመካከላችን ከሄዱት ለሞቱት ማረህ ጀነትን ስጣቸው፤ ለተሰደዱት ሰላም መመለስን ወፍቃቸው። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ! ሱረቱል ከህፍንና በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ።