ደምን ለማየት ስለሚጓጓ ዓይን

ሰው የሚሸሸውን ነገር ደግሞ ሊያየው ይናፍቃል። ሞትን ይፈራል፤ ዳሩ ግን በመንገድ ላይ አደጋ ደርሷል የተባለ እንደ ሆነ ሥራውን ጥሎ ወደዚያ ይሮጣል። ደም ያስደነግጠዋል፤ ነገር ግን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳለ በጣቶቹ መካከል አሾልኮ ይመለከታል። ይህ ጠባይ ከወዴት መጣ? ነውር ነውን፤ ወይስ ከሰው ድካም ተቈጥሮ የሚታለፍ ነው? ጥያቄው የጥንት ነው፤ ዛሬ ግን አዲስ ልብስ ለብሶ በየቤታችን ስለ ገባ እንደገና ልንመረምረው ይገባል።

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ በጭላሎ ተራራ አቅራቢያ የምትገኘው ኢተያ የስንዴና የገብስ አገር ናት። በዚህች ከተማ ፊልም ማየት የሚሻ ወጣት ቀድሞ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ፥ ሳንቲሙን ከፍሎ፥ ባለቤቱ የመረጠለትን ይመለከት ነበር። ዛሬ ግን ሲኒማ ቤቱን በኪሱ ይዞት ይዞራል። ከነዚህ ወጣቶች አንዱ፥ ትምህርቱን የሚወድ ጠባየ መልካም ልጅ፥ በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋራ ሆኖ «ሶው» የሚባለውን ተከታታይ የአሜሪካ ፊልም ከመጀመሪያው እስከ ዐሥረኛው በሁለት ሌሊት እንደ ጨረሱት ነገረኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ፊልም አይቶ አያውቅም። «ጋሼ፥ የመጀመሪያውን ሳይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በአራተኛው ሣቅን፤ በሰባተኛው እንቅልፍ መጣብኝ። ይህ ነገር ኃጢአት ነው ወይስ ጨዋታ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ ሆኖ አላገኘሁትም።

ፊልሙን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ እንግለጸው። «ሶው» ማለት መጋዝ ማለት ነው። ጄምስ ዋን የተባለው ዲሬክተርና ሊ ዋኔል የተባለው ደራሲ የመጀመሪያውን ክፍል በ2004 እ.ኤ.አ. አወጡ። በአንድ የቆሸሸ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች እግራቸው በሰንሰለት ታስሮ ይነቃሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም መጋዝ ተሰጥቷቸዋል፤ መጋዙ ግን ሰንሰለቱን አይቈርጥም፤ የሚቈርጠው እግርን ነው። በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራው ይህ ፊልም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ፥ ነጋዴዎቹ እስከ 2010 ድረስ በየዓመቱ አንድ አንድ ክፍል ጨመሩበት፤ ከዚያም በ2017፥ በ2021 እና በ2023 ሦስት ሌሎች ተከተሉ። ዐሥሩንም ያለማቋረጥ የሚመለከት ሰው 16 ሰዓት ያህል በማሠቃያ ቤት ውስጥ ይቀመጣል ማለት ነው። የሚያስገርመውም ይህ ነው፤ ጆን ክሬመር የተባለው ነፍሰ ገዳይ በሦስተኛው ክፍል ይሞታል፤ ግድያው ግን ከእርሱ በኋላ ሰባት ክፍል ይቀጥላል።

ወጣቶች ይህን ዓይነቱን አስተያየት «ማራቶን» ይሉታል። በአርሲ ምድር ይህ ቃል የተከበረ ቃል ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሊምፒክ የሴቶችን ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ የበቆጂ ልጅ ናት፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በበርሊን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የፈጸመው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የተወለደው በአሰላ አጠገብ ነው። ዳሩ ግን ሯጭን ለዚህ የሚያበቃው መሮጡ ብቻ አይደለም። ሰውነት በሩጫ ይደክማል፥ በዕረፍት ይበረታል፤ ስለዚህ ብልህ አሠልጣኝ የልምምዱን ቀን ሲቈጥር የዕረፍቱንም ቀን አብሮ ይቈጥራል። ዕረፍት የተከለከለ ሯጭ ይሰበራል እንጂ አይጠነክርም። ነፍስስ ከዚህ የተለየ ሕግ ይኖራት ይሆን? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ፊት እንሂድ።

የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ሊዮንቲዮስ ስለሚባል ሰው ይናገራል። ይህ ሰው ከወደቡ ወደ አቴና ሲመለስ በቅጥሩ ሥር በሞት የተቀጡ ሰዎች ሬሳ ወድቆ አየ። ለማየት ፈለገ፥ ደግሞም ተጸየፈ፤ ጥቂት ጊዜ ከራሱ ጋራ ከታገለ በኋላ ግን ተሸንፎ፥ ዓይኖቹን አፍጥጦ፥ እነርሱን እየረገመ ወደ ሬሳው ሮጠ። አውግስጢኖስም በኑዛዜው ስለ ወዳጁ ስለ አሊጲዮስ ይተርካል። አሊጲዮስ በሮም ሳለ ጓደኞቹ ሰውና ሰው በሰይፍ ወደሚገዳደሉበት ትርኢት ጐትተው ወሰዱት፤ እርሱም ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። በድንገት ሕዝቡ ሲጮኽ ግን ዓይኑን ገለጠ፤ ከዚያች ሰዓት ወዲያ ራሱ የሚጮኽ፥ ሌላውንም የሚጐትት ሆነ። አሊጲዮስ ከዚህ ልማድ ተፈውሶ በመጨረሻ ኤጲስ ቆጶስ እስከ መሆን ደርሷል፤ ስለዚህ ታሪኩ የተስፋም ታሪክ ነው።

«እነዚያ ያዩት እውነተኛ ደም ነው፤ በፊልም ያለው ግን ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ማንንም አይገድልም» የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር የማይናቅ ነው። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ በዚያ ዘመን ያስደነገጠው ሥዕል ዛሬ ሕፃን የሚሥቅበት ነው፤ ስለዚህ አዲስ ነገር ሁሉ እንደ ታየ ወዲያው የሚኰነን አይደለም። አስፈሪ ፊልም የተመለከተ ሰው ሁሉ ጨካኝ ይሆናል ማለትም ከእውነት መራቅ ነው። ነገር ግን የክርክሩ ባለቤት ራሱ የሚያምነውን እንጠይቀው። በሐሰት ታሪክ ያለቀሰ ሰው እንባው ሐሰት ነውን? አይደለም። እንግዲህ የሐሰት ታሪክ እውነተኛ ርኅራኄን ማስነሣት የሚችል ከሆነ፥ እውነተኛ ርኅራኄን ማድከምም ይችላል። በአንዱ አምነን በሌላው ልንክድ አንችልም።

ሁለተኛው ክርክር ወደ ራሳችን የሚያመለክት ነው። «የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በሰማዕታት ደም የተሣለ አይደለምን? የስንክሳሩስ ንባብ በመከራ የተመላ አይደለምን?» ይላል። እውነት ነው። ኅዳር 27 ቀን የሚታሰበው ቅዱስ ያዕቆብ ግሙድ ብልቱ እያንዳንዱ እየተቈረጠ የሞተ ሰማዕት ነው። ስለ መጋዝም ከተነሣ፥ ነቢዩ ኢሳይያስ በንጉሡ በምናሴ ዘመን በእንጨት መጋዝ እንደ ተሰነጠቀ የሚናገረው ዕርገተ ኢሳይያስ ሙሉ ጽሑፉ ለዓለም ተጠብቆ የቆየው በእኛው በግዕዝ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ደምን ከማየት ዓይናቸውን የከደኑ አልነበሩም።

እንግዲያስ ልዩነቱ ምንድን ነው? ፊተኛው ልዩነት የሚሞተው ሰው ማንነት ነው። በስንክሳሩ የሟቹ ስም፥ አገሩ፥ ወላጆቹ ይነገራሉ፤ ኢሳይያስ እስኪሞት ድረስ ይናገራል፤ ያዕቆብ በተቈረጠው ብልቱ ፋንታ ያመሰግናል። አንባቢው ከሟቹ በታች ቆሞ ወደ ላይ ይመለከተዋል። በፊልሙ ግን ተመልካቹ ከሟቹ በላይ ተቀምጦ ወደ ታች ያየዋል፤ የሚያስታውሰውም የማሠቃያውን ብልኀት እንጂ የሰውየውን ስም አይደለም። ይልቁንም ጆን ክሬመር እንደ መምህር ሆኖ ይናገራል፤ በካንሰር በሽታ የተያዘ ሰው ነውና የሕይወትን ዋጋ ያላወቁትን ሊያስተምር እንደሚፈትናቸው ያስረዳል። አንዱ ሰካራም፥ አንዱ ውሸታም፥ አንዱ አመንዝራ ነው። ተመልካቹም ቀስ በቀስ በልቡ «ይገባዋል» ማለትን ይለምዳል። ቀለሙ ማንንም እንደማይገድል ተስማምተናል፤ ነገር ግን ይህች ቃል ከቀለም የተሠራች አይደለችም። በዓለም ላይ ሰው በሰው ላይ ግፍ ሲፈጽም አስቀድማ የምትነገር ቃል እርሷ ናትና።

ሁለተኛውና ዋነኛው ልዩነት ግን የጊዜ ነገር ነው። ስንክሳር ለየዕለቱ የተከፈለ መጽሐፍ ነው፤ የዛሬው ሰማዕት ዛሬ ይነበባል፥ የነገው ለነገ ይቆያል። በመካከላቸው ሌሊት አለ፥ ጸሎት አለ፥ ሥራ አለ። አቴናውያን በበዓላቸው ቀን ሦስት የኀዘን ተውኔት በተከታታይ ይመለከቱ ስለ ነበረ፥ ብዛቱ ብቻውን ጥፋት ነው አልልም። ነገር ግን የአሠራራቸውን ጥበብ ልብ እንበል። ሜዲያ ልጆቿን የምትገድለው ከበሩ በስተ ውስጥ ነው፤ ኤዲፐስም ዓይኑን ያጠፋው በቤት ውስጥ ሲሆን ለሕዝቡ የሚነግረው መልእክተኛ ነው። ከዚያ በኋላ መዘምራኑ ቆመው ያለቅሳሉ። ስለ አንድ ቅጽበት ሞት ረጅም ለቅሶ ይሆናል ማለት ነው። አርስጣጣሊስ ተውኔት በርኅራኄና በፍርሃት አማካይነት ልብን እንደሚያነጻ የተናገረው ይህን የመሰለውን እያየ ነው እንጂ፥ ሬሳው ሳይነሣ ሌላ ሬሳ የሚከመርበትን እያየ አይደለም።

የእኛም አገር ሥርዓት ይህንኑ ይመሰክራል። በአርሲ ደጋ ሰው የሞተ እንደ ሆነ ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፥ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ለቅሶ ይደርሳል፤ የአጨዳ ወራት እንኳ ቢሆን ጎረቤት ማጭዱን አስቀምጦ ይመጣል። ይህ ሁሉ ለሟቹ ምን ይጠቅመዋል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ የሚጠቅመው ይልቁንም ለቆመው ነው። ልብ የሞትን ነገር የሚያውቀው ቀስ ብሎ፥ ተቀምጦ፥ ስሙን እየጠራ ነው። በለቅሶ ቤት አንድ ሰው ሞቶ ብዙ ሰው ይቀመጣል፤ በዚያ ፊልም ፊት ግን ብዙ ሰው እየሞተ ሦስት ልጆች ይቀመጣሉ። መንቀጥቀጡ ወደ ሣቅ፥ ሣቁም ወደ እንቅልፍ የተለወጠው ከክፋት አይመስለኝም፤ ልብ የሚያለቅስበት ጊዜ ስላልተሰጠው በሩን ዘጋ እንጂ።

ይህ ነገር በሐሰተኛ ደም ብቻ ቢቀር ባልተጨነቅንም ነበር። ነገር ግን ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ምድር ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን በባሕር ዳርና በበረሃ ሲገድል የሚያሳይ ፊልም ለዓለም በተነ። ሥዕሉ እንደ ሲኒማ ተጠንቅቆ የተቀረጸ፥ የገዳዮቹ አለባበስና አቋቋም ሳይቀር የተዘጋጀ ነበር። ነፍሰ ገዳዮቹ የፈለጉት ነፍስን ብቻ አልነበረም፤ ዓይንንም ፈልገዋል። አገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ዐወጀች፤ ከሟቾቹ መካከል ልጆቿ በነበሩባት በአዲስ አበባ በቂርቆስ ሰፈር ሕዝቡ ተሰብስቦ አለቀሰ። ፊልሙን ፈጽሞ ሳያይ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ነገሩን በእውነት አየው እላለሁ። ፊልሙን አይቶ ወዲያው በጣቱ ወደሚቀጥለው ሥዕል ያለፈ ግን ምንም አላየም።

እነሆ፥ ዛሬ የሐሰቱም ደም የእውነቱም ደም በአንዲት ብርጭቆ ላይ፥ በአንዲት ጣት እየተገፉ ያልፋሉ። በአገራችን በእርስ በርስ ጦርነት የሞቱ ወንድሞቻችን ሥዕል በዚያችው ስልክ መጥቷል። ሁለቱን የሚለያቸው ብርጭቆዋ አይደለችም፤ የሚለያቸው የተመልካቹ ልብ ነው። ያ ልብ ደግሞ በሐሰተኛው ፊት ሳይቆም ማለፍን ከተማረ፥ እውነተኛው ሲመጣ ቁም ቢባል በየትኛው ልማዱ ይቆማል?

ስለዚህ «ኃጢአት ነው ወይስ ጨዋታ?» ለሚለው ጥያቄ የማገኘው መልስ ይህ ነው። ደምን ለማየት መጓጓት ከሰው ጋራ የተወለደ ድካም ነው፤ አንድ አስፈሪ ታሪክ ማየትም ብቻውን ሰውን አያረክስም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ ልቡ ሕያው ለመሆኑ ምስክር ነው። ጥፋቱ ያን መንቀጥቀጥ እንደ ጠላት ቈጥሮ፥ ሌላ ደም እያፈሰሱበት እስኪሞት ድረስ መግፋት ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፤ አንዱን ከጨረስህ በኋላ የሞተው ሰው ስሙ ማን እንደ ነበረ ራስህን ጠይቅ። ስሙን ካስታወስህ፥ ስለ እርሱም ጥቂት ካዘንህ፥ ታሪክ አይተሃል። ስሙ ከጠፋብህና ዓይንህ የሚቀጥለውን ብቻ ከጠበቀ ግን በዚያ ማቆም ይገባሃል።

መምህራንና ወላጆችም ልጆቻችንን በመከልከል ብቻ እንጠብቃለን ብለን ባንታለል መልካም ነው። በኪስ ያለውን ሲኒማ የሚዘጋ ቁልፍ በእጃችን የለም። በእጃችን ያለው ከአባቶቻችን የተቀበልነው የለቅሶ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ከሞት ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ፥ የሟቹን ስም መጥራት፥ ጊዜ መስጠት ነው። ልጆቻችንን ለቅሶ ቤት ይዘናቸው እንሂድ፤ በዚያም ከእኛ ጋራ ዝም ብለው ይቀመጡ። አንድ ሰው ሲሞት ምን ያህል ነገር አብሮ እንደሚጐድል በዚያ ያየ ልጅ፥ በሌላ ስፍራ ሰው ሲሞት ቢያይ መቍጠር አይሆንለትም።