ያለ ፍርድ የቀረች ጭብጦ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚለው ተረት ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በቅሎ ዋጋዋ የከበረ፥ ባለቤቷንም የምታስከብር ሀብት ናት። ጭብጦ ግን በመዳፍ ተጨብጣ የምትጋገር የመንገደኛና የተማሪ ስንቅ ናት። ተረቱ እነዚህን ሁለቱን በሚዛን አኑሮ፥ ፍርድ የጎደለባትን ትንሺቱን ፍርድ ካገኘች ከትልቂቱ ይልቅ አከበዳት። የኢትዮጵያ ሰው ክርክር ይወዳል፥ ስለ ጥቂት ነገር ከዳኛ ዳኛ ይንከራተታል እየተባለ ብዙ ጊዜ ይታማል፤ ነገር ግን የሚያንከራትተው የገንዘብ ፍቅር ብቻ እንዳይደለ ከዚህ ተረት ይታወቃል።

ሆኖም ተረቱ የተናገረው ስለ ሄደች ጭብጦ ነው። ልትከፈል ሲገባት በብልሃት በእጅ ስለ ቀረች ጭብጦ ግን ምንም አላለም። ሰምና ወርቅ መለየት የለመደ ሰው ተረቱን ገልብጦ ቢመለከተው አንድ ጥያቄ ያገኝበታል፤ ይኸውም፦ ያለ ፍርድ የተወሰደችበት ጭብጦ የምታንገበግበው ሰው፥ ያለ ፍርድ የቀረችለት ጭብጦስ ስለ ምን አታንገበግበውም? የሚል ነው።

ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ በየዕለቱ የሚሆነውን ማየት ይበቃል። በአጠና ተራና በ18 ማዞሪያ መካከል የሚመላለስ አንድ የታክሲ ነጂ አለ እንበል። መኪናው የሌላ ሰው ናት፤ ማታ ለባለቤቱ የሚያገባው ገንዘብ የተቆረጠ ነው፤ ከዚያ የተረፈው የልጆቹ እንጀራ ነው። ማለዳ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሸክም የያዘች ሴት በእግረኛ መሻገሪያው ላይ ገብታ ሳለ፥ ነጂው አየኋት እያለ ሳይቆም አለፈ። ሴቲቱም ደንግጣ ወደ ኋላ ተመለሰች። ማንም አልተጎዳም። የትራፊክ ፖሊሱ ግን ፊሽካውን ነፍቶ አቆመውና ክስ ጻፈበት። ነጂው «ሴትዮዋ ገና ከዳር ነበረች» ብሎ ተከራከረ፤ አልተሰማለትም። በመኪናው በር ቆሞ ተሳፋሪ የሚጠራው ረዳት፥ ዕድሜው ገና የሆነ ልጅ፥ ሁሉንም አይቷል።

በዚህ ጊዜ በነጂው ፊት ሦስት መንገድ ተከፍቷል። የመጀመሪያው ቅጣቱን ከፍሎ መሄድ ነው፤ ሁለተኛው መማለጃ በእጅ አስጨብጦ መሄድ ነው፤ ሦስተኛው በፍርድ ቤት መከራከር ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብዙ ምርመራ አያሻውም። ሰጪው ከቅጣቱ ያነሰ ከፍሎ ተረፈ፥ ተቀባዩም ያልደከመበትን አገኘ፥ ስለዚህ ሁለቱም ያተረፉ ይመስላቸዋል። ከሳሪዋ ግን በዚያ ቆማ አትከራከርም፤ እርስዋም እግረኛዋ ናት። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች የሚበዙት እግረኞች ናቸውና፥ ሁለቱ የተስማሙት በእርስዋ ደም ዋጋ ነው። ጨዋ አንባቢ ይህን ያለ አስረጂ ይፈርደዋል። ጭንቁ ያለው በሦስተኛው መንገድ ላይ ነው፤ ፍርድ ቤት መሄድ በራሱ የተመሰገነ ሥራ ነውና፥ ክፋት ሲገባበት ቶሎ አይታወቅም።

የዳኝነት ሥራ በሚኒስትር መመራት የጀመረውና አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በአንድ ዓመት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አደረሰ። ከዚያ አስቀድሞ ሙግት በዛፍ ጥላና በመንገድ ዳር ይደረግ ነበር። የተጣሉ ሰዎች አላፊውን መንገደኛ ዳኛ አድርገው ያቆሙት ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ተሟጋቹ ቃሉን ለማጽናት በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፤ «እሰጥ አገባ» የሚለው አነጋገር የቀረው ከዚህ ልማድ ነው። የተረቲቱም በቅሎ እንዲህ ባለ ውርርድ የሄደች ልትሆን ትችላለች። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ደግሞ የጦር መሣሪያ ቢይዝ እንኳ ከመንገዱ ይቆም ነበር፤ ያስቆመው የጠሪው ጉልበት ሳይሆን የተጠራው ስም ነው። የዛሬው የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ የዚያ ጥሪ ወራሽ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በኋላም ሕጉ በጽሑፍ እየሰፋ ሄደ። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለደንብ መተላለፍ ነገር የተለየ አጭር ሥርዓት ሠራለት፤ ተከሳሹ ጥፋቱን ያመነ እንደ ሆነ፥ በችሎት ሳይቆም በፊርማው አምኖ እንዲልክና እንዲፈረድበት ፈቀደ። በ1995 ዓ.ም የወጣው የከተማው ቻርተር የደንብ መተላለፍን ነገር ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶች ሰጠ። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 ደግሞ ጥፋቶችን በደረጃ ከፍሎ፥ ከገንዘቡ ቅጣት ጋር የጥፋት ነጥብ በነጂው ስም እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ከዚያም ወዲህ ደንቡ እየተሻሻለ ቅጣቱ እየከበደ ሄዷል። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ነገሩን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት እንዳለው፥ የተከሰሰም ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር፥ በራሱም ላይ እንዲመሰክር እንዳይገደድ ደንግጓል። ስለዚህ የኮልፌው ነጂ መከራከር ቢፈልግ በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ሊዘጋበት አይገባም።

አሁን ነገሩ ቢገለበጥ፥ ማለት ነጂው በእውነት ያላጠፋ ቢሆን፥ ምን ይደረግ? የመሻገሪያው ቀለም ጠፍቶ ምልክት የማይታይበት ቦታ ይሆናል፤ ወይም ሴቲቱ በእውነት ከዳር ቆማ ትሆናለች። ወዳጆቹ «ሁለት ቀን ሥራ ፈትተህ ብትከራከር ከቅጣቱ የበለጠ ታጣለህ፤ ከፍለህ ተገላገል» ይሉታል። ምክራቸው በሂሳብ የተስተካከለ ነው። ገር ሰውም «ስለ ራስ መብት አለመሟገት ትሕትና ነው» ይል ይሆናል። ይህ ቃል መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው ይቅር ሊል የሚችለው የራሱን ብቻ ነው። ቀለሙ በጠፋው መሻገሪያ ነገ ሌላው ነጂ፥ ከነገ ወዲያም ሦስተኛው ይከሰሳል፤ እግረኛውም መሻገሪያውን ሳያይ በመኪና መካከል ይገባል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም ማለት ትሕትና መሆኑ ይቀርና የሰውን ጭብጦ አሳልፎ መስጠት ይሆናል። ስለዚህ ንጹሕ ሰው ስለ ትንሽ ገንዘብ በዳኛ ፊት ቢቆም አይነቀፍም፤ ተረቱም የሚያመሰግነው እርሱን ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጂ እንደ ገና ይመለሷል። እርሱ ሴቲቱን እንዳየ ልቡ ያውቃል። ፖሊሱ በቀጠሮ ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ቢመጣም አንድ ሰው ነው፤ ምስክር ያለው ግን ይረታል ብሎ አሰበ። ስለዚህ ረዳቱን ጠርቶ «አንተ ልጅ፥ ዳኛው የጠየቀህ እንደ ሆነ፥ ሴትዮዋ ገና ከዳር ነበረች በል» አለው። ልጁም «ጋሼ፥ መሐል ደርሳ አልነበረም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ነገሩ ከጭብጦ የወጣው በዚህች ጥያቄ ነው። እስከዚህ ድረስ በነጂው ላይ የነበረው የደንብ መተላለፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በሐሰት የሚመሰክርን ሰው በእስራት እንዲቀጣ ያዛል። ነጂው ጥቂት ብር ለማዳን በልጁ ራስ ላይ እስራት ሊያስቀምጥ ነው። የሥጋው ቅጣት ቢቀር እንኳ፥ ልጁ ከሥራው ጋር ሌላ ትምህርት ይማራል፤ ይኸውም መሐላ መሣሪያ እንደ ሆነ፥ ዳኛም የሚታለል ሰው እንደ ሆነ ነው። ይህን የተማረ ልጅ ነገ መሪውን ሲጨብጥ፥ በመሻገሪያው ላይ ለሚያገኛት ሴት የሚያዝን ልብ ከወዴት ያመጣል?

ይህን የሚቃወም ሰው ሦስት ነገር ሊያነሣ ይችላል።

አንደኛው፥ «ዳኛው ፈትቶታልና ጭብጦዪቱ የቀረችው በፍርድ ነው» የሚል ነው። ነገር ግን ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ነው። ሐሰት የቀረበለት ዳኛ ቢሳሳት ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ፍርዱም በስም ፍርድ ቢባል ሰሙ ብቻ ነው፥ ወርቁ የለበትም። ነጻ ወጣ ማለት ክሱ አልተረጋገጠበትም ማለት ነው እንጂ አላጠፋም ማለት አይደለም። የመጀመሪያውን ዳኛ ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን የሚያውቀው ራሱ ነጂው ነው። ካህናት በንስሐ አገልግሎታቸው ይህን ከሌላው ሰው ይልቅ ያስተውሉታል፤ በዚያ ችሎት ምስክር ስላልመጣ የሚዘጋ መዝገብ የለምና።

ሁለተኛው፥ «ሕግ ራሱ በራስህ ላይ አትመስክር ብሎት የለምን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዝም ማለት መብቱ ነው። ከሳሽ ነገሩን ያስረዳ ብሎ መጠበቅም ውርደት የለበትም፤ ኃይለኛው ያለ ማስረጃ እንዳይፈርድ የተሠራ አጥር ነውና። ነገር ግን ዝምታና ሐሰት ወንድማማች አይደሉም። ዝም ያለ ሰው ዳኛውን በእውነት በር ላይ ይተወዋል፤ የዋሸ ሰው ግን በሩን ዘግቶ ሌላ በር ያሳየዋል። ሕጉ የፈቀደው የመጀመሪያውን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ ይኸውም «ቅጣቱ ራሱ ፍትሕ የለበትም» የሚል ነው። ለባለጸጋ የምሳ ዋጋ የሆነው ገንዘብ ለታክሲ ነጂ የቤተ ሰቡ ቀለብ ነው። ይህ አቤቱታ ከንቱ አይደለም፤ የፊንላንድ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የገንዘብ ቅጣትን በጥፋተኛው ገቢ ልክ መመዘን የጀመሩት ይህንኑ አስበው ነው። ነገር ግን ሕጉ ይጎዳኛል የሚል ሰው ሕጉን ይሙገት እንጂ ሥራውን አይካድ። ለዚህም ምሳሌ ኮልፌ ራሷ አለቻት።

በ1954 ዓ.ም ኔልሰን ማንዴላ ወደ ኮልፌ መጥቶ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የተኩስና የውጊያ ትምህርት ተማረ። ሙያው ግን ጠበቃ ነበር። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፥ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም በመኪና ሲሄድ ፖሊሶች በመንገድ ላይ አስቁመው ያዙት። ለፍርድ የቀረበው ሠራተኞች ሥራ እንዲያቆሙ ቀስቅሷል፥ ያለ ፓስፖርትም ከአገር ወጥቷል ተብሎ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ጉዞ ራሱ የክሱ ክፍል ነበር። በመንገድ ላይ ሐሰተኛ ስም ሰጥቶ ነበር፤ በችሎት ግን እንዲህ አላደረገም። ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ተከራከረ፤ የሠራውን ሥራ ግን አልካደም፤ ምስክርም አልጠራም። የተናገረው፥ ወገኖቹ ድምፅ ያልሰጡበት ሸንጎ ያወጣው ሕግ ሕሊናውን ሊያስረው እንደማይችል ነው። በ1955 ዓ.ም ጥቅምት አምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ተቀበለውም። የታክሲ ነጂ ነገር ከዚህ ጋር በመጠን አይወዳደርም። ነገር ግን «ሠርቻለሁ፤ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለት ለታላቁም ለታናሹም እንደሚቻል ያስረዳል። እውነት የያዘ ተሟጋች ሥራውን መደበቅ አያስፈልገውም።

እንግዲህ የነገሩ ፍጻሜ ይህ ነው። በፍርድ ቤት የመከራከርን ክብር የሚለካው የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ የሚሟገተው ሰው ለዳኛው የሚያቀርበው ነገር እውነት መሆኑ ነው። ያላጠፋ ሰው ስለ ጭብጦ ይሟገት፤ ያጠፋ ግን ቅጣቱ የከበደ ሐሳብ ካለው በግልጥ ያሰማ፥ ከሌለውም «አጥፍቻለሁ» ብሎ ይክፈል። በኮልፌው ነጂ ፊት ያለው የቅጣት ወረቀት ነገ ይከፈላል፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ ይረሳል። የልጁ ጥያቄ ግን መልስ ይጠብቃል። ነጂው «እውነትህን ነው፤ መሐል ደርሳ ነበር» ብሎ የመለሰለት እንደ ሆነ፥ ጭብጦዪቱ በፍርድ ሄደች፤ ከእርስዋም ይልቅ የከበረው የልጁ ልብ ቀረ። እንዲህ ያላለው እንደ ሆነ ግን ጭብጦዪቱ በእጁ ትቀራለች፤ ብታንገበግበውም የሚከሰው ሌላ ሰው አያገኝም።