የዕውቀት ጎተራና ቁልፉ

የራሱ ጎተራ ያለው ሰውና የሌላውን ጎተራ ቁልፍ የተዋሰ ሰው በጥጋብ ዘመን አይለዩም። ሁለቱም ከፍተው ይሰፍራሉ፤ ሁለቱም ቤተሰባቸውን ይመግባሉ። ልዩነታቸው የሚገለጠው የጎተራው ጌታ ቁልፉን በጠየቀ ዕለት ነው። የምርምር መጽሔቶች ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተሸጋገሩበት በዚህ ዘመን የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ከሁለቱ ሰዎች የትኛውን ይመስላሉ? ጥያቄው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ዕውቀትን በማየትና ዕውቀትን በመያዝ መካከል ስላለው ልዩነት የሚነሣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ የወረቀቱን ዘመን ከሚገባው በላይ ማሞገስ ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም «ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» የተባለውን መጽሔቱን በ1955 ዓ.ም. ማሳተም ጀመረ። ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ታሪክ፣ ቋንቋና ባህል የሚጻፈው ጥናት መደበኛ ማደሪያ አገኘ ማለት ነው። ማደሪያው ግን አዲስ አበባ ነበር። ስለ ከምባታና ስለ ሐዲያ የተጻፈውን ለማንበብ የፈለገ የአንጋጫ መምህር የገዛ ሕዝቡን ታሪክ ፍለጋ ዋና ከተማ ድረስ መጓዝ ነበረበት። ዕውቀቱ ከገበሬው አንደበት ተቀድቶ ሄደ፤ ለገበሬው ልጅ ግን በቀላሉ አልተመለሰም። መጽሔቱ በሀገር ውስጥ መኖሩ ብቻውን ፍትሕ አልነበረም።

የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ይህን ርቀት አጥፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በመተባበር የጀመረው ሒናሪ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለሚገኙ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት አጎራ በእርሻ ሳይንስ ተከተለው። በ2004 ዓ.ም. ሆሳዕና ላይ ማስተማር እንደ ጀመረው እንደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ላሉ አዳዲስ ተቋማት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግማሽ ምዕተ ዓመት ጥራዝ ያላጠራቀመ ቤተ መጻሕፍት ከነባሮቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊቆም የቻለው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን መካድ ዕውቀት ከመዲናይቱ አይውጣ እንደ ማለት ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ የተከፈተ በር የራስ ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ታላላቅ አሳታሚዎች በሒናሪ በኩል ለባንግላዴሽ ሰጥተውት ከነበረው ውስጥ ከ2,500 በላይ መጽሔቶችን ዘጉ። ምክንያታቸው በዚያች አገር የሚከፍሉ ገዢዎች አግኝተናል የሚል ነበር። ከየአቅጣጫው ተቃውሞ ሲበረታ ዋነኞቹ መልሰው ከፈቱ። የከፈቱትም ሆነ የዘጉት ግን እነርሱው ነበሩ፤ አንባቢው በሁለቱም ጊዜ ከደጅ ቆሞ ጠባቂ ነበር። በሀገራችንም በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ ከሩቅ የሚነበበው ሁሉ አብሮ ተዘጋ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ብሂል የተነገረው ለጌጥ ቢሆንም ለዕውቀትም ይሠራል።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። ወረቀትስ ምስጥ አይበላውም? በውጭ ምንዛሪ እጥረት የወረቀቱ ደንበኝነትስ አይቋረጥም? እውነት ነው፤ ይበላል፣ ይቋረጣልም። ነገር ግን የተቋረጠ የወረቀት መጽሔት መጪውን ዕትም ያስቀር እንደሆነ እንጂ ያለፈውን ከመደርደሪያው አያነሣም። የኪራይ መጽሔት ሲቋረጥ ግን ያለፈውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከዚህም ሌላ በመደርደሪያ ላይ ያለውን ጥራዝ በእንግድነት የመጣ ሰው፣ በረኛውና ቤተ መጻሕፍቱ ከፈቀዱለት፣ ተቀምጦ ሊያነበው ይችላል። የይለፍ ቃል ግን ለተመዘገበ ተቋም የሚሰጥ ስለሆነ የአንጋጫ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ዛሬም ከአጥሩ ውጭ ሊቀር ይችላል። ርቀቱ ጠፋ፤ አጥሩ ቀረ።

ታዲያ መፍትሔው ወደ ወረቀት መመለስ ነውን? አይደለም። ጥፋቱ በወረቀቱም በብርሃኑም አይደለም፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው በሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሀገራችን በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለሁሉም ክፍት እንዲሆን የሚጠይቅ ብሔራዊ ፖሊሲ ማጽደቋ በዚህ ረገድ ተገቢ እርምጃ ነው። ፖሊሲ ግን በሥራ ካልተተረጎመ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የመምህራኑን ጥናት በራሱ ማከማቻ ሊያኖር፣ ቅጂውን ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ሊያስቀምጥ፣ ስለ አንድ ወረዳ የተጠናውንም ለዚያው ወረዳ ትምህርት ቤቶች ሊያደርስ ይገባዋል። ከውጭ የሚገዛውን ሲዋዋልም፣ ክፍያው ቢቋረጥ የከፈለበት ዘመን ቅጂ እንዲቀርለት መጠየቅ መብቱ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

የአንጋጫ ገበሬ ገበያ ወጥቶ እህል መሸመትን አይንቅም። ይሁንና የክፉ ቀን መጠባበቂያዬ ብሎ የሚቆጥረው የገበያውን እህል ሳይሆን ከጓሮው የተከለውን እንሰት ነው። እንሰቱ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ተፍቆ በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮም ሊቆይ ይችላል። ገበያው ባልቆመበት ሳምንት ቤቱ አይራብም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከዓለም ገበያ መሸመታቸው መልካም ነው፤ ከጓሯቸው ምን እንደ ተከሉ ግን የሚጠይቃቸው ትውልድ ይመጣል።