የተረሳ ኀዘን ኀዘን አይደለምን?

በየካ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ባለቤቷ እማማ በጉልበታቸው ዘመን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው እያወረዱ፣ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ዛሬ የእኛን ስም ቀርቶ የልጆቻቸውንም ያምታታሉ። ሰፈሩ «ጃጅተዋል» ይላል፤ እኛም አልን።

በፊት ማታ ማታ አብረናቸው ቡና እንጠጣ ነበር። ሲነጋ ረስተውት ያድራሉ። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ይረሱት የለ!» ተባባልንና ቀስ በቀስ ተውነው። ክረምት ሲገባ እማማ እህል ቀነሱ፤ እንቅልፍ አጡ፤ የቡናው ሽታ እንኳ ከመደባቸው አላስነሣቸው አለ። ይህንንም «ዕድሜ ነው» አልነው። «እርጅና ብቻህን ና» የተባለው ለካ በከንቱ አይደለም፤ ድባቴን አስከትሎ መጥቶ ኖሯል።

የመርሳት በሽታና ድባቴ የተለያዩ ናቸው፤ ግን ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ፤ አንዱም ሌላውን ይሸፍናል። በሽተኛው «ከፍቶኛል» ማለት ሊያቅተው ስለሚችል፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮርኔል መመዘኛ አስታማሚውንም ጭምር ይጠይቃል። እንግዲህ ምስክሮቹ እኛ ነበርን፤ ምስክርነታችንም «ጃጅተዋል» ብቻ ሆነ።

መድኃኒት ይበቃል እንዳንል፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት ለአልዛይመር በሽተኞች የተሰጡ ሁለት የድባቴ መድኃኒቶች መድኃኒትነት ከሌለው ክኒን አልተሻሉም። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለበሽተኞች የሚያሳዝንና የሚያስደስት ፊልም አሳዩ። በሽተኞቹ ወዲያው ያዩትን ረሱት፤ ስሜቱ ግን አብሯቸው ቆየ።

እስቲ ይህን እናስብ። እኛ ስናዝን ምክንያቱን እናውቃለን፤ በእርሱም እንጽናናለን። እማማ ግን ምክንያቱ ጠፍቶባቸው ኀዘኑ ብቻ ቀርቶላቸዋል። ታዲያ የማን ይከብዳል?

«ለማያስታውስ ሰው ደግ መሥራት ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ የደግ ሥራ ዋጋው መታወሱ ነውን? እንዲያ ከሆነ ቡናውን አልሰጠናቸውም፤ አበድረናቸው ነበር እንጂ። ምስጋናው ስላልተመለሰልን ብድሩን አቆምን።

ሐኪም ዘንድ እንዲወሰዱ ከልጃቸው ጋር ተነጋግረናል። ትናንት ማታም ጀበናውን ይዘን ገባን። አልዳኑም፤ ስማችንንም አልጠሩ። ብቻ ሲኒውን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «እናንተ ልጆች፣ ብርድ ነው፤ በሩን ዝጉና ቁጭ በሉ» አሉን።

ተቀመጥን።