ዳዶውና ጸሎቱ

እ.ኤ.አ. በ1968 በተካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ 93 መኪኖች ተነሥተው ፍጻሜው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ነበር። ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎም 84 ተነሥተው 7 ናቸው የገቡት። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፉት ኒክ ኖቪትስኪና ፓዲ ክሊፍ ናቸው፤ በፔጆ 404። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ ከሰባቱ አንዱ ነበር።

ናይሮቢ በምሠራበት ጋራዥ ይህ ወሬ ሲነሣ አንዱ “ዕድል ነው” ይላል፤ ሌላው “እግዚአብሔር የወደደውን ያሻግራል” ይላል። ሁለቱም አይዋጥልኝም። መንገድ ላይ የቀሩት የ86ቱ መኪኖች ሾፌሮች አልጸለዩም? ሜካኒኮቻቸውስ ተኝተው ነበር?

አሁን እጃችን ላይ ያለው ፔጆ 504 ነው፤ ለአሮጌ መኪኖች ሳፋሪ የሚዘጋጅ። ኦቬ አንደርሰን በ1975 ሳፋሪን ያሸነፈው በዚሁ ሞዴል ነው። የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎቹን ድንጋይ እንዳይቀጠቅጣቸው ከሆዱ ሥር አንሥተን በውስጥ አሳልፈናል፤ ከሞተሩ ግርጌ ወፍራም ላሜራ አስረናል። ከሁሉ የምወደው ሥራ ግን ትንሹ ነው። ብሎን ሁሉ በልኩ ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ በቢጫ ቀለም አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይዛነፋል። ሌሊት፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ በባትሪ የሚያይ ሰው ቁልፍ ሳያነሣ ያውቀዋል።

ባለፈው ሳምንት ከመሪው ዳዶዎች አንዱ መስመር አልነበረውም። ረዳቴን ጠየቅሁት። “ጋሼ፣ ያጠበቅኩት ይመስለኛል፤ ደግሞ እመቤቴ አለች” አለኝ። መስታወቱ ላይ የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል የሰቀለው እሱ ነው። (የመኪናው ባለቤት የናይሮቢ ሰው ነው፤ ማን መሆኗን ባያውቅም አላወረዳትም።)

“ይመስለኛል” ላይ የተደገፈ እምነት አይገባኝም። ጌታ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባል እምቢ ያለው መላእክት የማይደርሱለት ሆነው አይደለም። እኔ ሰንፌ የተውኩትን ዳዶ እሷ ታጥብቅልኝ ማለት ድፍረት ነው። ደግሞ ሌላ ድፍረት አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ እሱ ነው፤ “ሁሉን አጥብቄአለሁና መድረስ ይገባኛል” የሚለው። የ1968ቱን ዝናብ ያየ ሜካኒክ እንዲህ አይልም።

ታዲያ መድረስ በእጄ ካልሆነ ለምን እደክማለሁ? ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። መከታው ለባለቤቱ ምንም አይጨምርለትም። ለሚመጣው እንግዳ ነው። የድሮው ሳፋሪ የሚነዳው ለትራፊክ ባልተዘጋ መንገድ ነበር፤ ከመታጠፊያው ማዶ ፍየል የሚነዳ ልጅ ሊኖር ይችላል። የመሪው ዳዶ የሚጠብቀው ለእሱ ነው። መኪናው ሃያኛ ቢወጣ፣ ጭራሽ ባይገባ እንኳ፣ ያ ሥራ ከንቱ አልሆነም።

ስለ ዋንጫ መጸለይ ትቻለሁ። ጎረቤት ጋራዥ ያሉትም ይጸልያሉ፤ ከእነሱ ላይ ቀምተህ ለእኔ ስጠኝ ማለት ያሳፍረኛል። ስለዚያ ልጅ መጸለይ ግን አያሳፍረኝም፤ መስመሩን አስምሬ ስጨርስ።

አገር ቤት ያለህ ወንድሜ፣ ሚኒባስህ ላይ የለጠፍከውን ጥቅስ አታንሣ። ጎማህ ካለቀ ግን ሳትቀይረው ተሳፋሪ አትጫን።